ከፖርት ሱዳን ማዶ፦ ቦምብ፣ ካሜራና የሌሊት ጀልባ

ጁን 10 ቀን 1940 "ኡምብሪያ" የተባለች የጣሊያን የጭነት መርከብ ከፖርት ሱዳን ፊት ለፊት፣ ዊንጌት በሚባለው የኮራል ሪፍ አጠገብ መልሕቋን ጥላ ቆማ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሆዷ ወደ 360,000 የሚጠጋ የአውሮፕላን ቦምብ፣ በሣጥን የታሸገ ማፈንጃ፣ ሲሚንቶና ሦስት ፊያት አውቶሞቢሎች ጭናለች። ቦምቡ የሚራገፈው ምጽዋና አሰብ ላይ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባች አራት ዓመት አልፏል፤ አርበኛው ግን አሁንም በየጫካው ነው። ያ ሁሉ ቦምብ ማን ላይ ሊዘንብ እንደታሰበ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

እንግሊዞች ጭነቱን ጠርጥረውታል። ሆኖም ጣሊያን ገና ጦርነት አላወጀችምና መርከቧን መውረስ አይችሉም፤ "ፍተሻ" እያሉ ጊዜ ይገድላሉ። ወታደሮቻቸውም መርከቧ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። የመርከቧ አዛዥ ሎሬንዞ ሙዬዛን በዚያ ምሽት ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ሙሶሊኒ ጦርነት ማወጁን ሰማ። እንግሊዞቹ ገና አልሰሙም። ካፒቴኑ ባሕርተኞቹን ለሕይወት አድን ጀልባ ልምምድ እንዲያወርዳቸው ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ባሕርተኞቹ ጀልባዎቹን ሲያወርዱ መሐንዲሶቹ ታች ሆነው የውኃ ማስገቢያዎቹን ከፈቱ። ጠባቂዎቹ ነገሩ የገባቸው የቆሙበት ወለል መዝመም ሲጀምር ነው።

ቦምቡ አንድም ሳይፈነዳ ሰጠመ። መርከቧ በጎኗ ተኝታ ከነጭነቷ ቀረች፤ የሰውነቷ አንዱ ወገን ከውኃው ወለል ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ማውጣትም ማፈንዳትም ለወደቡ አስጊ ነው ተብሎ ተተወች። በኋላ የመጡት ጠላቂ ዋናተኞች ባትሪያቸውን እያበሩ ወደ ዕቃ ማከማቻዋ ሲገቡ ያገኙት ቦምቦቹን በረድፍ እንደተደረደሩ፣ ፊያቶቹንም በደለል ተሸፍነው እንደቆሙ ነው። በውጭ በኩል ብረቷን ኮራል ለብሶታል።

ከእነዚያ ጠላቂዎች ቀዳሚው ሐንስ ሃስ የሚባል የቪየና ሰው ነው። ሃስ በ1949 ፖርት ሱዳን ሲደርስ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ የምርምር መርከቡን በጦርነቱ ሰበብ አጥቷል፣ ቡድንም ገንዘብም የለውም። ያለው ካሜራና የመተንፈሻ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚሠራው በንጹሕ ኦክስጅን ሲሆን ጠላቂው ያወጣውን ትንፋሽ እያጣራ መልሶ ይሰጠዋል። ስለዚህ አረፋ አይወጣውም። አረፋ ከሌለ ድምፅ የለም፤ ድምፅ ከሌለ ዓሣው አይደነግጥም። ለካሜራ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው፤ ከተወሰነ ጥልቀት በታች የውኃው ግፊት ኦክስጅኑን ራሱን መርዝ ያደርገውና ጠላቂው ሳያስበው ራሱን ስቶ ይቀራል። ሃስ ይህን እያወቀ ነው የሚወርደው።

በዚያን ጊዜ ሰው ስለ ቀይ ባሕር ሻርክ የሚያውቀው በወሬ ነበር። ሃስ ወርዶ አይቶ ተመለሰና በ1950 ቡድን ይዞ መጣ። ከቡድኑ አንዷ ጸሐፊው ሎተ ባየርል ናት። ሎተ አለቃዋ ፖርት ሱዳን በነበረበት ጊዜ ቪየና ሆና በካሜራውና በመተንፈሻው በራሷ ስትለማመድ ከርማለች። ሃስ ሴት በጉዞው እንድትካተት አልፈለገም፤ ፊልሙን የሚከፍሉት ሰዎች ግን ቆንጆ ሴት የሌለችበት ፊልም አይሸጥም አሉ። እንዲህ በነጋዴ ሒሳብ የገባችው ልጅ ሻርክና ማንታ መሐል ገብታ ሠራች። በዚያ ጉዞ ሃስ ከዓሣ ሁሉ ትልቁን ዌል ሻርክ በቅርብ አነሣው፤ በውኃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አውርዶም ለዓሣዎች የቪየና ዋልትዝ አጫወተላቸው። ፊልሙ በ1951 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። ሃስና ሎተ ከጉዞው በኋላ ተጋቡ።

የሱዳን ዳርቻ ለምን ተመረጠ ቢባል መልሱ ከመሬቱ አቀማመጥ ይጀምራል። ከባሕሩ ዳር ያለው በረሃ ወንዝ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ወንዝ ከሌለ ደለል የለም፣ ደለል ከሌለ ውኃው ጥርት ብሎ ይቆያል። ሪፎቹ ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ተነጥለው በጥልቁ መሐል የቆሙ ናቸው። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሳንጋነብ ከ800 ሜትር ጥልቀት ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከውኃው ወለል ጋር ይስተካከላል። በላዩ እንግሊዞች ያቆሙት የባሕር መብራት ማማ ካልሆነ በቀር አንድ ቤት የለም። ጠላቂው ከግድግዳው ጎን ሲንሳፈፍ በስተቀኙ ኮራል፣ በስተግራው ታች የሌለው ሰማያዊ ይሆናል። ትላልቆቹ ዓሣዎች የሚመጡትም ከዚያ ከሰማያዊው በኩል ነው።

ወደ ደቡብ ደግሞ ዳህላክ አለ። ኤርትራ በሴፕቴምበር 1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች በወራት ውስጥ ብሩኖ ቫይላቲ የሚመራው የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን "ፎርሚካ" በምትባል መርከብ ወደ ደሴቶቹ መጣ። ፎልኮ ኩዊሊቺ የሚባለው ወጣት ፊልም ሠሪ ከእነሱ ጋር ነበር። የቀረጸው ባለቀለም ፊልም "ሴስቶ ኮንቲኔንቴ" በ1954 ታየ፤ የአውሮፓ ሰው ዳህላክን በቀለም ያየው ያኔ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ጣሊያን በቅኝ ገዢነት ከያዘችው ዳርቻ ተባርራለች፤ አሁን ልጆቿ ካሜራና ጦር መሳይ የዓሣ መውጊያ ይዘው በእንግድነት ይመጣሉ። የታሪክ ፌዝ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም የቀይ ባሕርን ሪፍ በየሰው ቤት ያስገባው ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። በ1943 ከመሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ጋር ሆኖ አዲስ መተንፈሻ ሠርቷል። ጋኛን በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ሲጠፋ አውቶሞቢሎች በጋዝ እንዲሄዱ የሚያደርግ ቫልቭ ነበረው፤ ያንኑ አሻሽለው ጠላቂው በሳበ ቁጥር ብቻ፣ በዙሪያው ካለው ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር የሚለቅ መሣሪያ አደረጉት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው። ከሃስ ኦክስጅን ይልቅ ጫጫታ ቢበዛበትም ጠለቅ ብሎ ያስኬዳል፣ ለመማርም ቀላል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለመዝናናት የሚጠልቀው ሕዝብ በአብዛኛው የዚያ ቫልቭ ልጅ ነው።

ኩስቶ "ካሊፕሶ" የተባለችውን አሮጌ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ አግኝቶ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞዋን በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር አደረገ። በ1955 ከወጣቱ ሉዊ ማል ጋር ሆኖ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የቀረጸው "የዝምታው ዓለም" በ1956 የካንን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ያን ፊልም ዛሬ ላየው ሰው አንዳንድ ቦታው ይዘገንናል። ዓሣ ለመቁጠር ብለው ሪፉን በድማሚት ያፈነዳሉ፤ ሻርኮችን እየጎተቱ አውጥተው በመርከቡ ወለል ላይ ይፈጃሉ። የባሕር ጠበቃ የሚባለው ኩስቶ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ነው።

በ1963 ኩስቶ ወደ ሱዳን የተመለሰው ሊጠልቅ ብቻ ሳይሆን ሊኖር ነበር። ቦታው ከፖርት ሱዳን ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሻዓብ ሩሚ የሚባለው ሪፍ ነው። እዚያ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የኮከብ ዓሣ ቅርጽ ያለው የብረት ቤት አቆመ፤ መሐሉ ሳሎን፣ ክንፎቹ መኝታና ወጥ ቤት ናቸው። አምስት ሰዎች አንድ ወር ያህል ከረሙበት፤ በቀቀንም አብሯቸው ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ 27 ሜትር ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት የቆዩባት ጠባብ ክፍል ነበረች። በኮከብ ቅርጹ ቤት አጠገብም ሳውሰር የተባለው የምርምር ሰርጓጅ የሚያድርበት ጋራዥ ተሠራ።

ነገሩ ቅንጦት ቢመስልም ከጀርባው አንድ የሰውነት ሕግ አለ። ውኃ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ከምንስበው አየር ናይትሮጅኑ ደም ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ተቻኩሎ ከወጣ ያ ጋዝ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሠቃያል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ብዙ በቆየ ቁጥር የመውጫው ጊዜም ይረዝማል። አንድ ወሰን ግን አለው፤ ሰውነት በዚያ ጥልቀት ሊይዝ የሚችለውን ያህል ጋዝ ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ቢቆይም አንድ ወር ቢቆይም የመውጫው ሰዓት ያው ነው። እንግዲያስ እየወጡ እየገቡ ከመንገላታት እዚያው መኖር ይሻላል። ለዚህ ሙከራ የፈረንሳይ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ያወጣው ለዓሣ ፍቅር ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የባሕር ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛ ይፈልጋል። የሚገርመው ታች ያሉት በቀዘቀዘ አየር ውስጥ ሲጃራቸውን ሲያጨሱ፣ ላይ በመርከብ ላይ ያሉት ረዳቶች በሱዳን የበጋ ሐሩር ይቀቀሉ ነበር። "ፀሐይ የሌለበት ዓለም" የሚለው ፊልም ኦስካር አገኘ። ቤቱ ተነሥቶ ሄደ፤ የሳውሰሩ ጋራዥና የሻርክ መከላከያ ቀፎዎች ግን ዛሬም ኮራል ለብሰው አሉ፤ ወደ ጋራዡ የሚገባ ጠላቂ ጣራው ሥር አየር ታቁሮ ያገኛል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተለያየ። በሰሜን ሻርም ኤል ሼክ ከ1967 በኋላ በእስራኤል እጅ ሆና የጠላቂዎች ከተማ ትሆን ጀመር፤ ወደ ግብፅ ስትመለስም አልቀዘቀዘችም። ዳህላክ በአንጻሩ ተዘጋ። ደርግ ኖክራ ደሴትን ለሶቪየት የባሕር ኃይል ሰጥቶ ነበርና ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ የሚፈለግበት ቦታ አልሆነም። የሱዳን ዳርቻ ግን ክፍት ነበር፤ የጎደለው ሰው ነበር።

ይህን ጉድለት ሊሞሉ የተነሡት ጣሊያናውያን ነጋዴዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ በሚባል ቦታ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ አሥራ አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ የመመገቢያ አዳራሽ ሠሩ። ሪፉ በእግር ይደረሳል። ነገር ግን መብራት የለም፣ ውኃ የለም፣ የረባ መንገድም የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁልፉን ቆልፈው ሄዱ።

ቁልፉን ያነሡት ጠላቂ የሚፈልጉ ሰዎች አልነበሩም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ይጓዙ ጀመር። ከቀደሙት አንዱ መምህሩ ፈረደ አክሉም ነበር፤ ሱዳን እንደደረሰ ወደ ውጭ የላከው የድረሱልን መልእክት የእስራኤል የስለላ ድርጅት በሆነው በሞሳድ እጅ ገባ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኼም ቤጊን ቀደም ብሎ ለሞሳድ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበርና ዳኒ ሊሞር የሚባል ሰላይ ተልኮ ፈረደን አገኘው። የሚቀጥለው ጥያቄ ሰዎቹን በየት በኩል ማውጣት ይቻላል የሚለው ነበር። ያኔ ሱዳን የእስራኤል ጠላት ነበረች፤ በአየር ማረፊያዋ በጅምላ ማሳፈር አይታሰብም። ባሕሩ ግን አለ። ዳኒ ዳርቻውን ሲያስስ በአሩስ የተዘጉትን ቤቶች አየ።

ሞሳድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ መስሎ ቦታውን ለሦስት ዓመት በ320,000 ዶላር ገደማ ተከራየው። የአየር ማቀዝቀዣ፣ የጀልባ ሞተር፣ የመጥለቂያ ዕቃ ገባ። የሚያማምሩ በራሪ ወረቀቶች ታትመው ካርቱም ውስጥ ቢሮ ተከፈተ። ዮላ ራይትማን የምትባል ሴት የቀን ተቀን አስተዳዳሪ ሆነች፤ ከአካባቢው አስተናጋጆች፣ ሹፌርና የተዋጣለት ወጥ ቤት በጥሩ ደመወዝ ተቀጠሩ። ሠራተኞቹ ስለ አለቆቻቸው አንድ የማያውቁት ነገር ነበር። የመጥለቂያ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ከጎማ ልብሱና ከሲሊንደሩ ጀርባ ከቴል አቪቭ ጋር የሚገናኙበት ሬዲዮ ተደብቋል።

እንግዶቹ እውነተኛ ነበሩ። ካርቱም ያሉ ዲፕሎማቶች መጡ፣ የሱዳን ባለሥልጣናት መጡ፣ የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ወታደሮችና የግብፅ ጦር አባላትም ጎራ ብለዋል። ቀን ቀን ሰላዮቹ ጠላቂዎችን ይዘው ወደ ሪፉ ይወጣሉ። ንግዱ ከማትረፉም አልፎ ከገቢው ለሌላው ሥራ የጭነት መኪና ተገኘበት።

ሌላው ሥራ የሚጀምረው ለእንግዶቹ "ለጥቂት ቀን ካርቱም ደርሰን እንመጣለን" ተብሎ ነው። መኪኖቹ ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች ይነዳሉ። እዚያ ቤተ እስራኤላውያኑ ማንነታቸውን ደብቀው ይኖራሉ፤ ከራሳቸው የተመረጡ ወጣቶች የተጓዡን ስም በምስጢር ይዘው፣ ሌሊት ከየድንኳኑ ቀስቅሰው ያወጣሉ። ለጎረቤት ቻው ማለት የለም። ከዚያ በጭነት መኪና ወደ 800 ኪሎ ሜትር ጉዞ አለ፤ ቀን ተደብቀው፣ ሌሊት ኬላውን በጉቦም በድፍረትም እያለፉ። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ የእስራኤል ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ይቀበሏቸዋል። ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ የመጀመሪያ ጊዜያቸው በጨለማ፣ ልጅ ታቅፈው ነበር። ጥልቁ ላይ የንግድ መርከብ የመሰለችው "ባት ጋሊም" ትጠብቃለች። ለቱሪስት የሚሸጠው ሪፍ እዚህ ጋ ጠላት ነው፤ ጀልባው በኮራሉ መሐል ያለውን መተላለፊያ ሳይስት መውጣት አለበት።

በማርች 1982 በሦስተኛው የጀልባ ጉዞ ነገሩ ሊበላሽ ነበር። የመጨረሻው ጀልባ ሲነሣ የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኮሱ። ዳኒ ወደ አዛዡ ሄዶ በቱሪስት ላይ ትተኩሳላችሁ ወይ፣ ካርቱም ላለው አለቃህ እነግራለሁ ብሎ ጮኸበት። አዛዡ ኮንትሮባንዲስቶች መስለውት እንደነበር ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ግን የባሕሩ መንገድ ቀርቶ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በሌሊት በረሃ ላይ እያረፉ ማንሣት ጀመሩ።

በኖቬምበር 1984 "ዘመቻ ሙሴ" ተጀመረና ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከካርቱም በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ በጃንዋሪ 1985 ቆመ። ኤፕሪል 6 ቀን የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። አዲሶቹ ገዢዎች ሰላይ ማደን ሲጀምሩ አሩስ ያሉት ሰላዮች በአንድ ሌሊት ተነሥተው ጠፉ። በማግሥቱ የነቁት እንግዶች አስተናጋጆቹንና ወጥ ቤቱን አገኙ፤ የመጥለቂያ አስተማሪዎቹና አስተዳዳሪዋ ግን የሉም።

በ2019 የወጣው የሆሊውድ ፊልም ይህን ታሪክ በሰፊው አሰራጨው፤ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። በፊልሙ ሰላዮቹ ከፊት ይሮጣሉ፣ ኢትዮጵያውያኑ ከኋላ ይከተላሉ። እውነተኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነበር፤ በእግራቸው ሱዳን የደረሱት እነሱ ናቸው፣ ሰላዩን የጠሩትም እነሱ ናቸው። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

ሪፎቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ሳንጋነብ በ1990 የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ባለፉት አሥርት ዓመታት ጠላቂው የሚበላበትና የሚያድርበት ጀልባ እየተከራየ፣ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት መሬት ሳይረግጥ ከሪፍ ሪፍ ይዞር ነበር። ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ አንድ ጊዜ ይጠለቅ ነበር፤ በሻዓብ ሩሚ ደቡብ ጫፍ መዶሻ ራስ ሻርኮች በመንጋ የሚታዩት በዚያ ሰዓት ነው። የአየር መጭመቂያው ማሽን ሲሊንደሮቹን ሲሞላ ይውል ነበር። በሻዓብ ሱዌዲ በ1970ዎቹ ቶዮታ ጭና የሰጠመች መርከብ አለች፤ አውቶሞቢሎቹ ተገልብጠው በሪፉ ቁልቁለት ተበትነው ይታያሉ። ከዚያ ኡምብሪያ፣ ከዚያ የኩስቶ ጋራዥ። በ2016 ዩኔስኮ ሳንጋነብንና በስተሰሜን ያለውን የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ከሙካዋር ደሴት ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ፖርት ሱዳን የአገሪቱ መውጫ በር ሆነች። የሳዑዲ መርከቦች ብቻ ከ100 በላይ አገሮች የመጡ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችን ወደ ጅዳ አሻገሩ። መንግሥቱም መቀመጫውን ወደዚያች የወደብ ከተማ አዛወረ። በሜይ 2025 ድሮኖች መጥተው የነዳጅ ማከማቻዋን መቱ፤ ጠላቂዎች ይገቡበት የነበረው አውሮፕላን ማረፊያም ከተመቱት አንዱ ነበር።